ማንም ማንንም በማያዝበት ቤት፦ «ባለቤት የሌለው ኮድ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሶፍትዌር በምንሠራ ሰዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ርእሱ «ባለቤት የሌለው ኮድ» ይላል፤ ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩበትም። ሦስት ሰዎች ልከውልኝ ሦስቱም «ምን ትላለህ?» ብለውኛልና የምለው እነሆ።

መጀመሪያ ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ልንገር። ጽሑፉ በበጎ ፈቃደኞች ስለሚሠሩ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ነው፤ እንደ ሊኑክስ (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና)፣ ዴቢያንና ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ስላሉት፣ ኮዳቸው ለማንም ክፍት ሆኖ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች ስለሚሠሯቸው። ክሱ እንዲህ ይላል፦ እነዚህ ሰዎች ውሳኔ የሚሰጡበት ሥርዓት የላቸውም፤ አላቸው ከተባለም አንድ ንጉሥ ይቆርጥላቸዋል፤ ንጉሥ በሌለበት ጉንጭ አልፋ ክርክር ሲከራከሩ ይከርማሉ፤ ሲሰለቻቸው ተሰነጣጥቀው ይበተናሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የሚወስነው ግን ደሞዝ ከፋዩ ኩባንያ ነው። ጸሐፊው መፍትሔ ያሉት ተጠቃሚው ሕዝብ በብዙኃን ድምፅ እንዲወስን ነው። እስከዚያው ድረስ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከእንዲህ ያለ ባለቤት አልባ ነገር ይራቁ ብለው ይዘጋሉ።

ብዕራቸው ሹል ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ከልቤ ስቄያለሁ። በኩባንያዎቹ ጉዳይ ደግሞ ቢያንስ በከፊል እውነት አላቸው፤ ተራው ሲደርስ እናገራለሁ። በቀረው ግን አልስማማም። (ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የውሳኔ ሥርዓት የላቸውም»

ከዚህ ልጀምር፤ ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ነው። ዴቢያንን እንውሰድ። በኦገስት 1993 ኢያን መርዶክ የተባለ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው የሊኑክስ ስርጭት ነው፤ ማለትም ሊኑክስን ከብዙ ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ ለመጫን የሚያቀርብ ስብስብ። ዛሬ ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው አባላቱ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። ከዲሴምበር 1998 ጀምሮ በጽሑፍ የሰፈረ ሕገ መንግሥት አለው። «ሕገ መንግሥት» የሚለውን ቃል ለማካበድ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ፤ ራሳቸው የሚጠሩት እንዲያ ነው።

ይህ ሰነድ ገና ከመጀመሪያው የሚደነግገው ነገር ነው የጸሐፊውን ሙግት የሚያፈርሰው። በራሴ አባባል ሳስቀምጠው፦ በዚህ ሕግ ውስጥ ያለ ምንም ነገር ማንንም ለፕሮጀክቱ እንዲሠራ አያስገድድም፤ የተሰጠውን ሥራ ያልፈለገ ሰው ላይሠራው ይችላል፤ በደንቡ መሠረት የተወሰነን ነገር ግን ሆን ብሎ ማደናቀፍ አይችልም። እስቲ ይህን ከሰፈራችን እድር ጋር አስተያዩት። እድር ቀብር የቀረን ይቀጣል፣ መዋጮ ያቋረጠን ይሰርዛል፣ የተሰረዘም ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻውን ይቆማል። ዴቢያን የሚቀጣበት መዋጮም የሚያስፈራራበት ክፉ ቀንም የለውም። አንድ ሰው ተቀይሞ ቢቀር የሚጎዳው ቀሪው ሳይሆን ፕሮጀክቱ ነው፤ ያ ሰው ይጠብቃቸው የነበሩ ሃያ ጥቅሎች (ለመጫን ተሰናድተው የሚቀርቡ ፕሮግራሞች) በማግስቱ ያለ አሳዳሪ ይቀራሉ።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ማን ያዛል?» ብሎ ሥርዓት መፈለግ ከንቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «ማንም» ነው። ደንቡ የተሠራው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ የትኛውን ውሳኔ ብናደርግ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ነገም እዚሁ ይገኛሉ? ሕጉን በዚህ ዓይን ስታነቡት ግራ የሚያጋባው ሁሉ ይገባችኋል። መሪው በየዓመቱ ይመረጣል፤ ማንንም ግን «ይህን ሥራ» ማለት አይችልም። የቴክኒክ ኮሚቴ አለ፣ አባላቱ ከስምንት አይበልጡም፤ እሱም ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ብቻ ነው የሚገባው። ኮሚቴው ራሱ ቁጭ ብሎ ንድፍ እንዳያወጣ ተከልክሏል፤ ሌሎች ሠርተው ካመጡለት መካከል ይመርጣል። አንድን ዴቨሎፐር በገዛ ሥራው ላይ ለመሻር ደግሞ ተራ ብልጫ አይበቃውም፤ ሦስት ለአንድ ማሸነፍ አለበት። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለው የእኛ አባባል እዚያ በአንቀጽ ተጽፎ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

የዕለት ተዕለቱ ውሳኔ ደግሞ ድምፅ እንኳ አይሰጥበትም። ብዙ የኦፕን ሶርስ ሥራዎችን በሚያቅፈው በአፓቺ ድርጅት ሥር ባሉ ፕሮጀክቶች ያለው ልማድ እንዲህ ነው። አንድ ሰው «ይህን ላደርግ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ድምፅ ካስፈለገ +1 (እደግፋለሁ)፣ 0 ወይም −1 (እቃወማለሁ) ይባላል፤ እንደ ልማዱም ቢያንስ 72 ሰዓት ይጠበቃል። በኮድ ለውጥ ላይ አንድ አባል የሚሰጠው −1 ቬቶ ነው፤ የመቶ ሰው +1 አይሽረውም። ግን ቴክኒካዊ ምክንያት ያልተጻፈበት −1 ዋጋ የለውም። «አልወደድኩትም» ማንንም አያስቆምም፤ «ይህ ቢገባ እዚህ ጋ ይሰበራል» ያስቆማል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ አንብቤ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀን ለሚያሰላ አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት፣ ስሙ ይቆይ፣ ማስተካከያ ላክሁ። ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አውቃለሁ ይላል፤ ጳጉሜን ብለው 13ኛ ወር ሲሰጡት ግን «የተሳሳተ ወር» ብሎ ይመልሳል። እኔ ያደረግሁት 12 የሚለውን ቁጥር 13 ማድረግ ነበር። አንድ መስመር፣ ያውም አንድ አኃዝ! በማግስቱ ሁለት ሰዎች +1 ብለው ጻፉልኝ፤ በአገሬ ስም የሆነ ነገር ያስገባሁ ያህል ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ከዚያ በፊት ስሟን ሰምቼው የማላውቅ ሴት −1 አለች። ምክንያቷ አራት መስመር ነበር። አንደኛ፣ ወሩን የሚፈትሸው ኮድ ለሁሉም አቆጣጠሮች የጋራ ስለሆነ በእኔ ለውጥ የአውሮፓውያኑም ዓመት 13 ወር ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ «ይህ ወር ስንት ቀን ነው? ኮድህ ጳጉሜን 30 ብሎ የጻፈን ሰው ያሳልፋል» ብላ ጠየቀች። ወንበሬ ላይ አፈርኩ። ጳጉሜን አምስት ቀን እንደሆነች፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት እንደምትሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ኢትዮጵያን አይታ የማታውቅ ሰው ናት ያስታወሰችኝ። አያቴ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አስቡት።

ሁለት ለአንድ ነበርን። ማንም ግን «ድምፁ ተቆጥሯል፣ ይግባ» አላለም፤ +1 ያሉት ሁለቱም ምክንያቷን አንብበው ድምፃቸውን አነሡ። ተመልሼ እንደገና ጻፍኩት፦ ፕሮግራሙ ቁጥሩን በልቡ ከመያዝ ይልቅ እያንዳንዱን አቆጣጠር «ስንት ወር አለህ? ይህ ወርስ በዚህ ዓመት ስንት ቀን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ። የኢትዮጵያው ሲጠየቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ 3 ከተረፈ ስድስት ይላል፤ አለዚያ አምስት። 2015 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ስድስት ነበረች፤ ኮዱን የሚሞክረው ፈተናም ያንን ዓመት ይዞ ተጻፈ። ያቺው ሴት +1 አለች። ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ቢያልቅ ኖሮ አሸንፌ፣ ለፈረንጅ 13ኛ ወር ሰጥቼ ነበር የምሄደው።

«ንጉሥ አላቸው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሊኑክሱን ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስንና የፓይተኑን ጊዶ ቫን ሮሰምን ይጠቅሳሉ። (ከአንድ ገጽ በፊት ሥርዓትም አለቃም የላቸውም ብለው ነበር። ይሁን።)

ጊዶን ላንሣ፤ የእሱ ታሪክ ከክሱ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ጊዶ ፓይተንን ለሕዝብ ያወጣው በ1991 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነበር። በቀልድም በቁም ነገርም «የዕድሜ ልክ ቅን አምባገነን» ይሉት ነበር። በ2018 ቁጥሩ 572 የሆነ የለውጥ ሐሳብ መጣ፤ በአንድ አገላለጽ ውስጥ ለተለዋዋጭ ዋጋ መስጠት የሚያስችል አዲስ ምልክት ነው፤ ሁለት ነጥብና የእኩል ምልክት ተጣብቀው። ቀላል ይመስላል። ክርክሩ ግን መረረ፤ ሰዎች የምልክቱን መልክ ብቻ ሳይሆን የቋንቋውን ጠባይ የሚያበላሽ አድርገው አዩት። ጊዶ በሥልጣኑ ተጠቅሞ አጸደቀው፤ አሸነፈ። በጁላይ 2018፣ ባሸነፈ በቀናት ውስጥ፣ ከሥልጣኑ ወረደ። ለውሳኔ ይህን ያህል መታገልና ከዚያ ሰው ሁሉ ውሳኔውን ሲጠላው ማየት አልፈልግም አለ፤ ተተኪም አልሾመም።

የትኛው ንጉሥ ነው ጦርነቱን ባሸነፈ ማግስት ዘውዱን አስቀምጦ የሚሄድ? ጊዶ የነበረው ሥልጣን ሰዎች ያበደሩት አመኔታ ነበር፤ በእያንዳንዱ ውዝግብ ከዚያ ላይ ይቆነጠራል፤ ጎድሎ ጎድሎ ማለቂያው እንደቀረበ ያየው ራሱ ነው።

ከዚያስ ተበተኑ? አልተበተኑም። ዋናዎቹ ዴቨሎፐሮች ስለ አስተዳደር ሰባት የተለያዩ ሐሳቦችን ጻፉ፤ ከመካከላቸው ለአንድ መሪ የሚሰጥም ነበር፣ ለብዙ ሰዎች የሚያከፋፍልም። በዲሴምበር 2018 ድምፅ ሰጥተው አምስት አባላት ያሉት የአመራር ምክር ቤት መረጡ። አንድ ደንብ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፦ ከአምስቱ ከሁለት በላይ የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ መሆን አይችሉም። በ2019 መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ ጊዶ ራሱ ነበር፤ ከአምስት አንድ ድምፅ ይዞ።

ሊኑስ በእርግጥ ዛሬም በር ላይ ቆሟል፤ የሊኑክስ እምብርት ወደሆነው ኮድ፣ ወደ ከርነሉ፣ የሚገባውን የመጨረሻ ውህደት የሚያደርገው እሱ ነው። ሥልጣኑ ግን ከየዘርፉ ኃላፊዎች የሚመጣለትን አልቀበልም ማለት ላይ ያበቃል። «ይህን ሥራልኝ» ብሎ የሚያዘው ሰው የለም፤ ኮዱንም ማንም ወስዶ በራሱ መንገድ ሊቀጥል ይችላል።

«ጉንጭ አልፋ ክርክር»

ጸሐፊው እዚህ ላይ በጣም የተደሰቱበትን ምሳሌ ያመጣሉ፦ የዴቢያንን የሲስተምዲ ውዝግብ። «አንድ ኩባንያ ከምሳ በኋላ በአንድ ስብሰባ የሚጨርሰውን ስድስት ዓመት ፈጀባቸው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ፈጀ። ግን ምን እንደፈጀ እንይ።

ኮምፒውተር ሲነሣ መጀመሪያ የሚነቃ፣ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅስ ፕሮግራም አለ። ዴቢያን ለዓመታት የሚጠቀምበት አርጅቶ ነበር። ሊተኩት ከቀረቡት ዋናዎቹ ሲስተምዲና አፕስታርት ነበሩ። ሲስተምዲ ብዙ ይሠራል፤ የሚወዱትም የሚጠሉትም ለዚህ ነው። ነገሩ በ2013 መጨረሻ ወደ ቴክኒክ ኮሚቴው ሄደ። ስምንት ሰዎች፣ ወራት የፈጀ ክርክር፣ በፌብሩዋሪ 2014 ድምፅ ሰጡ፦ አራት ለአራት። የሰብሳቢው የቤዴል ጋርቢ መለያ ድምፅ ሚዛኑን ወደ ሲስተምዲ ደፋው።

የኩባንያ ስብሰባ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። እዚህ ግን ግማሹ ያልተቀበለው ነገር በግማሹ ላይ ሊጫን አይችልም፤ ያ ግማሽ ነገ ላይመጣ ይችላላ! ስለዚህ ሌላው ጥያቄ ቀረ፦ የቀሩት ጥቅሎች ያለ ሲስተምዲ አልሠራም ማለት ይችላሉ? በኖቬምበር 2014 ይህ ለአባላት ሁሉ ድምፅ ቀረበ። በወረቀቱ ላይ «መከልከል አለበት» የሚል ነበር፣ «ይመከራል እንጂ አይገደድም» የሚል ነበር፣ «ለየጥቅሉ አሳዳሪ ይተው» የሚል ነበር። ያሸነፈው ሌላ ነው፦ «ለዚህ ጉዳይ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አያስፈልግም»። ሳነበው ሳቅሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ካየኋቸው ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ሆነብኝ። ሰዎቹ «ይህን በድምፅ አትጨርሱት፤ ሥራውን የያዙት በየቦታቸው ይጨርሱት» ማለታቸው ነው። በዲሴምበር 2019 ጉዳዩ ተመልሶ ሲመጣ ሰባት አማራጮች ቀረቡ፤ ያሸነፈው ሲስተምዲን ይዞ ሌላ የሚሞክሩትንም እንደግፋለን የሚለው መካከለኛው ሆነ።

በነፃ አልመጣም። በ2014 ከኮሚቴው አባላት የለቀቁ ነበሩ፤ ለዓመታት ፕሮጀክቱን የተሸከሙ ሰዎች ደክሟቸው ሄደዋል። ይህን አቃልዬ አላልፍም። ግን «ኩባንያ ከምሳ በኋላ ይጨርሰዋል» የሚሉት የሚረሱት ነገር፣ ኩባንያ ውስጥ ያልተስማማው ሰው ዝም የሚለው ተስማምቶ ሳይሆን ደሞዝ ስላለበት ነው።

ስለ ድምፅ አሰጣጡም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው «ብዙኃን» እያሉ ደጋግመው የሚያነሡት ምን እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን። ሃያ ሰዎች አንድ ምግብ ብቻ በሚያወጣ ቤት ምሳ ሊበሉ ገቡ እንበል። ስምንቱ ክትፎ፣ ሰባቱ ሽሮ፣ አምስቱ ምስር መረጡ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ጾመኞች ናቸው። በተለመደው ቆጠራ ክትፎ በስምንት ድምፅ አሸንፎ ይቀርባል፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ደግሞ ጦማቸውን ይወጣሉ። ዴቢያን የሚቆጥረው እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አማራጮቹን ሁሉ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱ እየተያያዙ ይታገላሉ። ሽሮ ከክትፎ ጋር ብቻውን ሲገጥም አሥራ ሁለት ለስምንት ይጥለዋል፤ ምስርም እንዲሁ። በሽሮና በምስር መካከል የሚለዩት የክትፎዎቹ ሁለተኛ ምርጫዎች ናቸው፤ ማለትም የተሸነፉትም ሰዎች ድምፅ ይሠራል። በወረቀቱ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ «ከዚህ አንዱም አይሁን»። ማንኛውም አማራጭ ይህንንም መጣል አለበት። በአገራችን ማኅበራት ምርጫዎች ላይ ይህች አንዲት መስመር ብትገባ ስንት ነገር እንደሚለወጥ ሳስበው እገረማለሁ፤ ያ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

«ተሰነጣጥቀው ይበተናሉ»

ፎርክ ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ወስዶ በሌላ ስም መቀጠል፣ ለጸሐፊው የውድቀት ምልክት ነው። እኔ የማየው እንደ መውጫ በር ነው፤ በሩ ስላለ ነው ውስጥ ያሉት የሚደማመጡት። በ1997 ጂሲሲ የተባለውን፣ ኮድን ኮምፒውተር ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም አዝጋሚ አካሄድ ያልወደዱ ሰዎች ኢግስ ብለው ተለዩ፤ በኤፕሪል 1999 የተለዩት ሰዎች ሥራ ራሱ ይፋዊው ጂሲሲ ሆኖ ተሰየመ። በዲሴምበር 2014 በአንድ ኩባንያ ሥር ከነበረው ኖድ ከተባለ የፕሮግራመሮች መሣሪያ የተለየው አይኦ ዓመት ሳይሞላው በሴፕቴምበር 2015 ከእናቱ ጋር ተዋሕዶ ወጣ፤ የአስተዳደሩም አካሄድ እስከዚያው ተቀይሮ ነበር። ሊብረኦፊስ የተባለው የቢሮ ሶፍትዌር በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ አልተመለሰም፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው የተለየውን ነው። በሲስተምዲ የተከፉትም ዴቩአን የተባለ የራሳቸውን ስርጭት አቁመው በ2017 የመጀመሪያውን ይፋዊ ዕትም አወጡ። ዴቢያንም አለ፣ ዴቩአንም አለ።

«ተጠቃሚው ሕዝብ ይወስን»

የጸሐፊው መፍትሔ ይህ ነው፤ እኔም በጣም የምፈራው ይህንን ነው። ምክንያቴን በ2024ቱ የኤክስዚ ታሪክ ልንገር።

ኤክስዚ ፋይል የሚጨምቅ አነስተኛ ፕሮግራም ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት፣ ሳያውቅ የሚጠቀምበት እጅግ ብዙ። ለዓመታት ያለ ክፍያ የያዘው አንድ ሰው ነበር። በ2021 አካባቢ ጂያ ታን የሚል ስም ይዞ አንድ አጋዥ መጣ፤ ትሑት፣ ትጉህ፣ ማስተካከያ መላክ የማያቋርጥ። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ አሉ፤ «ፕሮጀክቱ ሞቷል»፣ «ተጠቃሚው እየጠበቀ ነው»፣ «ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ይወተውቱ ጀመር። ለጠባቂው የቀረበለት ልክ ጸሐፊው የሚመኙት ነገር ነው፤ የተጠቃሚዎች ድምፅ፣ አንድ ላይ ሆኖ አንድ ነገር የሚጠይቅ። የደከመው ሰው በሩን ከፈተ። ታን ቀስ በቀስ ሥልጣን አገኘ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ውስጥ ወደ ሰው ሰርቨር የሚያስገባ ድብቅ በር ተቀብሮ ተገኘ። እነዚያ የሚወተውቱት ስሞች በኋላ ሲፈለጉ ሌላ የትም ሥራ፣ የትም ታሪክ የላቸውም።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ዴቨሎፐር ነው። ዴቢያን ላይ ፍጥነት ሲለካ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር በሚገቡበት በኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቡናውን ፉት ብሎ ያልፈዋል፤ እሱ ግን ክሩን ይዞ እስከ ሥሩ ወረደ፤ ማርች 29 ቀን ለዓለም ነገረ።

የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚያወጡት የአይኢቲኤፍ ሰዎች ይህን አደጋ ቀድመው ያዩት ይመስለኛል። አባልነት የሚባል ነገር የላቸውም፤ የመጣ ሁሉ ይናገራል፤ ስለዚህ እጅ መቁጠር ሰው መሰብሰብ የቻለውን ማንገሥ ይሆናል። በስብሰባ አዳራሽ ስሜት ሲለኩ እንኳ እጅ ከማስወጣት ይልቅ አፍ ዘግቶ በጉሮሮ «እምም» ማሰኘት ነበር የቆየ ልማዳቸው። በ2014 በወጣ ሰነዳቸው እንዳስቀመጡት አምስት ሰዎች ደግፈው መቶ ሰዎች ቢቃወሙም መግባባት አለ ሊባል ይችላል፤ የመቶዎቹ ተቃውሞ ተሰምቶ፣ ተመርምሮ፣ መልስ ካገኘ። የሚቆጠረው መልስ ያላገኘ ምክንያት ነው። መቶ ሐሰተኛ ስም መፍጠር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ እውነተኛ ቴክኒካዊ ምክንያት መፍጠር ግን እንዲያ ቀላል አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይህ ታሪክ የእኔንም ጎን ይወጋል። ኤክስዚ ውስጥ የጋራ ውሳኔ ቀርቶ የጋራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንድ የደከመ ሰው ነበር። ከላይ ያወደስኩት −1 የሚሠራው ሁለተኛ አንባቢ ሲኖር ነው። ስንት ፕሮጀክት ሁለተኛ አንባቢ አለው? ብዙዎቹ የላቸውም።

«ከጀርባ የሚወስነው ኩባንያ ነው»

ለጸሐፊው እጄን እሰጣለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ እጅ ይሁንላቸው። ወደ ሊኑክስ ከርነል ከሚገባው ለውጥ አብዛኛው በደሞዝተኞች የሚሠራ ነው። ከላይ ያመሰገንኩት ፍሮይንድ ራሱ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነበር። የፓይተኑ «ከአንድ ኩባንያ ከሁለት አይበልጥ» የሚለው ደንብም ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ ስጋቱ ከሌለ አጥሩ አይኖርም።

ኩባንያ ግን በአብዛኛው ውሳኔ አይገዛም፤ የሚገዛው ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ እየተከፈለው የሚከራከር ሰውና ከሥራ መልስ ልጆቹን አስተኝቶ የሚከፍት ሰው አንድ ክርክር ውስጥ ሲገቡ ማን ቀድሞ እንደሚደክም ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ ሐሳብ የነበረኝ ጉዳይ በቪዲዮ ስብሰባ ይቆረጣል ተባለ፤ ሰዓቱ በእኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ነቅቼ ጠበቅሁ፤ መብራት ሄደ። በነጋታው ሳየው ተወስኗል፤ ማስታወሻው ላይ «ተቃውሞ አልቀረበም» ይላል። ያን ቀን የገባኝ የአፓቺ 72 ሰዓት ለምን እንደተጻፈ ነው። ውሳኔ በጽሑፍ ይሁን፣ ሦስት ቀን ይቆይ የሚለው ደንብ ለእንደኔ ዓይነቱ፣ መብራት ለሚሄድበት፣ ቀኑን ሌላ ሥራ ለሚውል ሰው ነው። ይህ ደንብ በማይከበርበት ቦታ የጸሐፊው ክስ ልክ ነው።

«መሥሪያ ቤቶቻችን ይራቁ»

የዴቢያንን መጫኛ ክፈቱና ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ፈልጉ፤ አለ። ለዚያ ማንም ባለሥልጣን ደብዳቤ አልጻፈም፤ የገበያ ጥናት የሠራ ኩባንያም የለም። የሆኑ ሰዎች ቁጭ ብለው ተረጎሙ፣ ሌሎች አይተው አስገቡት። ትርጉሙ ላይ ቅር የሚላችሁ ቃል ካለ አስተካክላችሁ ላኩ፤ ምክንያታችሁንም ጻፉ። በገንዘብ የተገዛ ሶፍትዌር ውስጥ ያለን የተንሻፈፈ አማርኛ ግን ለማን እንደምትልኩት ቢያሳውቁን ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

ስለ ባለቤትነት ከተነሣ ደግሞ ያ የቀን ኮድ ዛሬም ይሠራል። ከገባ ወዲህ ግን ጳጉሜን 6 መጥታ አታውቅም፤ ቀጣይዋ በእኛ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ናት። ያን ቀን የሆነ ሰው ፕሮግራም «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ቢመልስ የለውጡን ታሪክ ይከፍታል፤ መስመሩ አጠገብ የእኔን ስም ያገኛል፤ ከስሙ ሥር የዚያችን ሴት −1፣ ቀጥሎም +1።